«በሞቴ» እያልን አንገዳደል!

ገና ሲደርስ የሬዲዮው ምክርም አብሮ ይደርሳል። «ውድ አድማጮቻችን፣ ቅባት አታብዙ፣ መጠጥ በልኩ ይሁን፣ ውኃ በደንብ ጠጡ፣ መልካም በዓል!» ይልና ወደ ዘፈኑ ይገባል። እኛ ከዚህ ምክር ጋር ጠብ የለንም። ቅባት ማብዛት ደግ እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል። ግን እስቲ ጎበዝ፣ እንጠያየቅ። በገና ቀን ስንት እንደሚበላ የሚወስነው ማን ነው? በላተኛው ነው እንዴ?

እናንተዬ፣ በፍጹም! የሚወስነው አጉራሹ ነው። አክስት ናት፤ «አፈር ስሆን ይቺን ብቻ» የምትለዋ። ጎረቤት ነው፤ «ቤቴን ንቀህ ነው?» የሚለው። የክርስትና አባት ነው፤ ብርሌው ገና ሳይጎድል «በሞቴ!» ብሎ የሚሞላው። አንተ «በቃኝ» ስትል እሱ «ምን በላህና? ገና ነህ!» ይልሃል። በዓሉም ገና፣ አንተም ገና!

ክርክራችን ይህ ነው። በገና ሰሞን የሚያሳምመን ቅቤው ብቻ አይደለም። «በቃኝ» ማለት ነውር መሆኑ ነው። እንግዳው «ጠገብኩ» ማለት አይችልም። እናት «ዘንድሮ አንድ ወጥ ይበቃናል» ማለት አትችልም። አባወራው «በግ አቅሜ አይፈቅድም» ማለት አይችልም። አንዱ በሆዱ፣ አንዷ በወገቧ፣ አንዱ በኪሱ ይታመማሉ። ሦስቱም ፈገግ ብለው «እንኳን አደረሰን» ይባባላሉ። ስለዚህ የበዓል ጤና ምክር ለበላተኛው ብቻ ሳይሆን ለቤቱ በሙሉ ይነገር ነው የምንለው።

መጀመሪያ ስለ ሆድ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ጿሚው ከ40 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ሳይቀምስ ይከርማል። ብዙው ሰው በዚያ ላይ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ይውላል። ከዚያ የዋዜማው ሌሊት ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ይታደራል፣ ይቆማል። ቅዳሴው አልቆ በውድቅት ሌሊት ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ። በላዩ ላይ ጠላ። አንዳንዱ ቤት ደግሞ «ለሆድ ጥሩ ነው» ተብሎ አረቄ። ከዚያስ? እንቅልፍ!

ይህን ጊዜ ሆድ ምን እንደሚገጥመው እንይ። ቅባት ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። በሞላ ሆድ ጋደም ማለት ደግሞ አሲዱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ደረት ሲቃጠል «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የምንለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሐሞት ከረጢትም ቅባት ሲመጣ ይጨመቃል፤ ጠጠር ያለበት ሰው በቀኝ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ቀስፎ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሰውየው ከሁለት ጉርሻ በኋላ «ይቆየኝ» ቢል ሰውነቱን እየሰማ ነው። «በሞቴ» ባዩ ግን ያንን ድምፅ ያፍነዋል።

ወደ ከባዱ እንምጣ። ስኳር ያለበት ዘመድ የሌለው ቤት አለ? ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ ሰው፣ በባዶ ሆዱ ሲጠጣ የደሙ ስኳር አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል። ቤተ ዘመዱ ምን ይላል? «ሞቅ ብሎታል፣ ተዉት ይተኛ!» ወገን፣ ላይሆን ይችላል! ስኳሩ ወርዶ ከሆነ እንቅልፉ መጨረሻው ሊሆን ይችላል። ስኳር እንዳለበት የምታውቁት ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ለስላሳ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሐኪም ሩጡ። ከሁሉ በፊት ግን ያንን ብርሌ በግድ አታስጨብጡት።

የደም ግፊትስ? እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 16 የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ሕክምና አልጀመሩም ነበር። ስለዚህ ትሪውን ከበው ከተቀመጡት ዘመዶች መካከል አንዱ ሳያውቀው ግፊት ሊኖርበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የበዓል ወጥ፣ ክትፎ፣ አይብና ጥብስ ይህንን ልክ በአንድ ማዕድ ይጨርሱታል። አንዳንዱ ደግሞ «ዛሬ መጠጥ ስላለ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል። መተው ያለበትን ትቶ መዋጥ ያለበትን ሲተው አስቡት!

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካውያን ሐኪሞች ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች በበዓል ማግስትና በእሑድ ማግስት ልባቸው ከምት ወጥቶ ሆስፒታል ሲመጡ አይተው «የበዓል ልብ» ብለው ስም አወጡለት፤ መንሥኤው በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ ከ1998 እስከ 2013 የደረሱ ከ283 ሺህ በላይ የልብ ድካም አደጋዎችን መረመረ። በገና ዋዜማ አደጋው ከሌላው ጊዜ በ37 ከመቶ ይበልጣል፤ የሚበረታውም ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ይበልጥ የተጎዱት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ አዛውንቶችና ቀድሞም ስኳርና የልብ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። አጥኚዎቹ ሊሆን ይችላል ብለው የጠረጠሩት ጭንቀትን፣ ንዴትንና ሐዘንን ጭምር ነው። ልብ በሉ፣ ስዊድን ውስጥ ዶሮ ወጥ የለም! ስለዚህ ጉዳዩ ከወጡ ያልፋል። የበዓሉ ውጥረትም ልብ ላይ ይቆጠራል።

ጥሬ ሥጋም አለ። ቁርጥ የሚወድ ወዳጃችን ይቅርታ ያድርግልን። የኮሶ ትል የሚመጣው ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። ሚጥሚጣው አይገድለውም፣ አዋዜው አይገድለውም፣ ላዩ ላይ የሚጠጣው አረቄም አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው፤ ያውም ሥጋው ውስጡ ድረስ ሲበስል። ትሉ አድጎ ምልክቱ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሆነ፣ የገናው ቁርጥ ሒሳቡን የሚጠይቀው ዐቢይ ጾም ላይ ነው። አባቶቻችን ኮሶ እየጠጡ ኖሩ የሚል ክርክር እንሰማለን። ኮሶ የሚጠጡት እኮ ስለታመሙ ነው! ኮሶው ራሱ ሲበዛ ዓይን የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ዛሬ ሐኪም የሚያዘው ክኒን አለ፤ ከዚያም የሚቀለው ድስቱን ጥቂት ደቂቃ መጨመር ነው። «አብስሉልኝ» ያለውን እንግዳ «ፈረንጅ ሆነሃል» ብሎ መሳቅስ ከየት የመጣ ጨዋታ ነው?

ቀጥሎ ስለ ወገብ

«በዓል ዕረፍት ነው» ይባላል። የማን ዕረፍት? ዶሮው ይታረዳል፣ ይገነጠላል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፣ 12 ብልት ሆኖ ይወጣል። ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ለሰዓታት ይቁላላል። ድፎው ይጋገራል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ጠላው ቀድሞ ተጠንስሷል፣ ቤቱ ታጥቦ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን እንደሆነ እናውቃለን። እናት፣ እህት፣ ሚስት፣ የቤት ሠራተኛ። ወንዱ ዶሮውን ካረደ በኋላ ቢላውን ጠርጎ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ የዓመቱን ሥራ እንደጨረሰ ሰው። በጉን ያረደማ ጭራሽ አይነካም! ከዚያ «ውይ ደክሞሻል፣ ትንሽ ዕረፊ እንጂ» ይላታል። ቃሉ ጥሩ ነው። ሽንኩርቱን ቢልጥ ግን ይሻል ነበር።

የቤት ሠራተኛዋ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከገጠር የመጣች የ20 ዓመት ልጅ የገና ለት እናቷን አታይም፤ የሰው እንግዳ ስታስተናግድ ታመሻለች። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቤት ውስጥ አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ለሌላ ደንብ ስላቆየው፣ የበዓል ዕረፍቷ የተንጠለጠለው በአሠሪዋ ልብ ላይ ነው። ስለ በዓል ጤና ስናወራ የእሷም ጤና ይቆጠር። ከሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ እኩለ ሌሊት የምትተኛ ልጅ እግሯ ሲያብጥ «በዓል አይደል» ማለት መልስ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንል አናልፍም፤ ከሰል። ድስቱ በከሰል ይጣዳል፣ ቡናው በከሰል ይፈላል፣ ዕጣኑ በፍም ላይ ይጨሳል፤ ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ተዘግቷል። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያጥወለውላል፣ ከበረታ ይገድላል። እመቤቲቱ ራሷን ሲያማት «ድካም ነው» ትላለች። ድካምም ጭስም ሊሆን ይችላል። መስኮት ክፈቱ! ፍም ያለበትን ምድጃ ክፍል ውስጥ ትታችሁ አትተኙ!

ሦስተኛው፣ ኪስ

ቅርጫ የጥንት ብልሃት ነው። ለብቻው በሬ መግዛት የማይችል ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ሥጋ ይበላል። እንኳን ልንቃወመው፣ ይስፋፋ እንላለን። የምንቃወመው በጉ የሰውየው የክብር መለኪያ መሆኑን ነው። የጎረቤት በግ ጮኾ የእኛ ግቢ ጸጥ ካለ ሰው ምን ይላል? ልጆቹስ? በዚህ ጭንቀት ከባልደረባ ይበደራል፣ ከእቁቡ ቀድሞ ይወስዳል፣ የቤት ኪራዩን ያሳድራል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጥምቀት ጥር 11። በመካከላቸው ያሉት 12 ቀናት ብቻ ናቸው! ከጥምቀት ቀጥሎ ደግሞ የጥር ሠርግ ይሰለፋል። በገና የተሰበረ ኪስ እስከ ፋሲካ አይጠገንም። በዕዳ የሚያድር ሰው እንቅልፍ እንደማይወስደው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በጉን የሚገዛው ሁልጊዜ አባወራው አይደለም። ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ለሷ የገና ለት እንደማንኛውም ቀን ነው፤ ልብስ ትተኩሳለች፣ የሰው ልጅ ታጥባለች። ስልኳ ሲጮኽ ግን «እንኳን አደረሰሽ» ከሚለው ቀጥሎ «በዓሉን እንዴት እናድርገው?» ይመጣል። እሷም «የለኝም» ማለት አትችልም። ዋሽንግተን ያለውም ታክሲ ነጂ ያው ነው፤ በፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 ለልጆቹ ስጦታ ይገዛል፤ የኛው ገና ጃንዋሪ 7 ሲመጣ እዚያ የሥራ ቀን ስለሆነ ከሥራው ሳይቀር ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ያወጣል፣ ይልካል። ሁለት ገና አለው፣ አንድ ዕረፍት ግን የለውም። እስቲ ዘንድሮ ስንደውል «ላኪ» ከማለታችን በፊት «በልተሻል ወይ? ተኝተሻል ወይ?» እንበላት።

«ባህላችንን ልትነኩ ነው?»

ይህን የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። መልስ አለን።

አንደኛ፣ «በዓመት አንዴ ነው፣ ልጁን ተዉት ይብላ» ይባላል። እስቲ እንቁጠር። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ የጥር ሠርግ፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ፣ ዝክሩ፣ ልደቱ፣ ምርቃቱ… በዓመት አንዴ የሚመጣው የትኛው ነው? እያንዳንዱ በዓል በዓመት አንዴ ነው፤ «በሞቴ» ግን ዓመቱን ሙሉ ነው።

ሁለተኛ፣ «ማጉረስ ፍቅር ነው» ይባላል። ልክ ነው፣ ነው! ከጉርሻ ጋር ጠብ ያለው ኢትዮጵያዊ የለም። ፍቅር ግን የሚወዱትን ሰው ይሰማል። «ስኳር አለብኝ» ያለህን ሰው በጠጅ የምታፋጥጠው ፍቅርህን ልታሳየው ነው ወይስ ለጋስ መባልን ፈልገህ? ደግ ሰው አቅርቦ ይተዋል። በግድ የሚያበላ ሰው የሚያስተናግደው ራሱን ነው።

ሦስተኛ፣ «ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» ይባላል። አይደለም! የአባቶች ሥርዓት ከ40 ቀን በላይ ራስን መግዛትን አስተምሮ ሲያበቃ፣ በአንድ ሌሊት እንድንፈነዳ አያዝም። በጥጥ የተሠራ በረዶ የለበሰ የፕላስቲክ ዛፍና ቀይ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ በረዶ በማያውቀው አዲስ አበባ ሲቆሙ ዝም ያሉ ሰዎች፣ «ሽንኩርቱን ወንዱም ይላጥ» ስንል ባህል ትዝ ሲላቸው ይገርመናል።

እና ምን ይደረግ?

ተናግሮ መሄድ ቀላል ነው። እኛ የምንለው ይህን ነው።

ሌሊት ከቅዳሴ መልስ በትንሹ ይፈሰክ፤ ትንሽ አይብ፣ ግማሽ እንጀራ፣ ለስላሳ ነገር። ዋናው ማዕድ ቀን ይደርሳል፣ ወጡ የትም አይሄድም። ከበሉ በኋላ ወዲያው ከመጋደም ሰፈሩን ዞር ዞር ብሎ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ማለት ይሻላል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው በበዓልም ይውሰድ። እንዴት እንደሚያደርግ ከበዓሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ቤት ውስጥ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ካለ፣ ጨውና ቅቤ ከመግባቱ በፊት የሱ ድርሻ በትንሽ ድስት ይውጣለት። ሌላ ወጥ መሥራት አይጠይቅም።

የሥራው ዝርዝር በወረቀት ይጻፍ። ሽንኩርት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ገበያ፣ ቄጤማ፣ ቡና… ከዚያ በቤቱ ሰው ቁጥር ይካፈል፤ ወንድ ሴት ሳይባል። ያን ጊዜ ሦስት ዓይነት ወጥ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው ክርክር በራሱ ይፈታል። ሽንኩርት የላጠ ወንድ ሁለተኛ ወጥ አያዝም! የቤት ሠራተኛዋ ቢያንስ ከሁለቱ በዓላት በአንዱ ወደ ቤተሰቧ ትሂድ፤ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ቀን የሷ ይሁን።

የገናና የጥምቀት በጀት አንድ ላይ ይቀመጥ። ከሁለቱ በአንዱ ዶሮ፣ በሌላው ቅርጫ ማለት ውርደት አይደለም። የጠጣ አይንዳ፤ የሚነዳውን አታጠጡ። ከግብዣው በፊት ማን እንደማይጠጣ ይታወቅ፣ ቁልፉም እሱ ዘንድ ይሁን።

ዋናው ግን ይህ ነው። ዘንድሮ ማንም «በቃኝ» ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል። «አልጠጣም» ያለ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅ። ክኒን ላይ ሊሆን ይችላል፣ ትቶ ሊሆን ይችላል፣ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም እንዲሁ አላሰኘው ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ወዳጃችሁ «ዘንድሮ አልዘፍንም» ቢል አጠገቡ ተቀመጡ እንጂ አትጎትቱት። ይህንን መጀመር የምንችለው እኛ ወጣቶች ነን። አክስቶቻችንን ልንቆጣ አይደለም፤ እጃቸውን ይዘን «እትዬ፣ አንቺ ኑሪልኝ፣ በሞትሽ አልበላም» ልንላቸው ነው። «በሞቴ»ን የሚያሸንፈው «ኑሪልኝ» ብቻ ነው።

ደግሞስ ገና ስሙን የተጋራው ከምን ጋር ነው? ከጨዋታ ጋር! ከዓመት ዓመት በሜዳ ላይ በቆልማማ ዱላ ሩር እየተለጋ፣ እየተሮጠ፣ እየተሳቀ። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ አብረው ይጋጠማሉ፤ ሎሌው ቢመታው፣ ቢያላግጥበት ጌታው አይቆጣም። የሚሮጥ ገላ፣ የሚስቅ ልብ፣ ለአንድ ቀን የተረሳ ማዕረግ… ሬዲዮው ያልነገረን የገና ጤና ምክር እዚያ ሜዳ ላይ አለ። ድሮ የወንዶች ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ እህቶቻችንም ከጓዳ ወጥተው ይጫወቱ። ወጡ ትንሽ ይጉደል፣ ሜዳው ይሙላ።

ገናን ዘና ብለን እናክብረው። ማንም በማንም ሞት አይማል። እንኳን አደረሳችሁ!